የቡና ሥርዓታችንን መሰነድና ማክበር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው የአካባቢያቸውን የቡና አፈላል በጽሑፍ፣ በድምፅና በምስል ለማስቀረት ለሚፈልጉ ነው፦ ለባህል ቢሮ ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎች፣ ለሰፈር ማኅበራት፣ የእናታቸውን ቡና ሳያመልጣቸው ለመመዝገብ ለሚያስቡ ልጆችም።

ቡና አፈላልን የማያውቅ ማን አለ? ምኑስ ይሰነዳል?

ቄጠማ፣ ዕጣን፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ወጣት፣ ከዚያ ጀበና። ስለ ቡናችን የተሠራ ምስል ሁሉ ይህንኑ ያሳያል። የማንም ቤት ሊሆን ስለሚችል ግን ስለ ማንም ቤት አይነግረንም። የጎደለው ዝርዝሩ ነው፦ ስንት እፍኝ ቡና፣ ስንት ጊዜ ታጥቦ፣ እስከ የት ተቆልቶ፣ ለማን ቀድሞ ተቀድቶ፣ በማን አፍ ተመርቆ።

ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። በጉራጌ ቤት ቡናው ቅቤና ጨው ሊገባበት ይችላል። በብዙ ቦታ ጤና አዳም ሲኒው ውስጥ ይነከራል። በጉጂና በቦረና «ቡና ቀላ» የሚባል አለ፤ ፍሬው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ይበላል። ሐረር ላይ የቡና ቅጠል ፈልቶ ኩቲ ይሆናል፣ ገለፈቱ ከወተት ጋር ሲፈላ ደግሞ ሆጃ። በካፋና በቤንች አካባቢ ከቅጠሉና ከቅመማ ቅመም የሚፈላው ጨሞ ይባላል። እነዚህን ሁሉ «የኢትዮጵያ የቡና ሥነ ሥርዓት» በሚል አንድ አንቀጽ መጠቅለል መሰነድ አይባልም። ሰነዱ የአንድ ቤት፣ የአንድ ቀን፣ የአንዲት ባለሙያ ይሁን። አጠቃላዩን ሥዕል ብዙ ሰነዶች ሲደማመሩ ይሰጣሉ።

የትኛውን ቀን እንምረጥ?

ተራ ቀን። የበዓል ቡና የራሱ ቦታ አለው፤ ነገር ግን ዕለት ተዕለት የሚፈላውን ካልመዘገቡ በዓሉ ምን እንደጨመረ አይታወቅም።

ጾምን አይርሱ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከሄዱ በቅቤ ወይም በወተት የሚጠጣውን ቡና ከጿሚ ቤት አያገኙትም፤ «እዚህ ሰፈር ቅቤ አይጨምሩም» ብለው ጽፈው ይመለሳሉ። በረመዳን ደግሞ የሙስሊም ቤት ቡና ከአፍጥር በኋላ ነው። በሰነዱ ላይ ቀኑ የጾም ይሁን የፍስክ ይጻፍ።

የመጀመሪያው ጉብኝት ካሜራ አይኑረው። ሄደው ይጠጡ፣ ይጫወቱ፣ ዕቃውን ይዩ። በሁለተኛው ይቅረጹ። ሦስተኛው የጻፉትን አንብበው የሚያሳርሙበት ነው፤ ብዙ ስህተት የሚታረመው በዚህኛው ስለሆነ አይዝለሉት።

ዕቃዎቹን እንዴት እንመዝግብ?

እያንዳንዱን ለብቻው ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ያንሱት፤ አጠገቡ ማስመሪያ ይኑር። በትንሹ እነዚህ ይካተቱ፦ ብረት ምጣዱ፣ ማማሰያው፣ ሙቀጫና ዘነዘናው፣ ጀበናው፣ ውታፉ፣ ማቶቱ (የጀበናው ማስቀመጫ)፣ ረከቦቱ፣ ሲኒዎቹ፣ ማራገቢያው፣ ከሰል ምድጃው፣ የዕጣን ማጨሻው።

ጀበናው ላይ ይቆዩ። ቁመቱ፣ የሆዱ ስፋት፣ የአንገቱ ርዝመት ይለካ። ጡት አለው ወይስ ከአንገቱ ይቀዳል? ውታፉ ከምን ተሠራ፣ ቡናውስ የሚጠለለው በእሱ ነው? የሚይዘውን ለማወቅ እስከ አንገቱ ሥር ውሃ ሞልቶ በመለኪያ ጆግ መገልበጥ ነው። «መካከለኛ ጀበና» የሚለው አገላለጽ ለአንባቢ ምንም አይነግርም፤ 700 ሚሊ ሊትርም 1 ሊትር ተኩልም በአንዳንድ ቤት መካከለኛ ነው። ከየት ገበያ ተገዛ፣ ማን ሠራው፣ ስንት ዓመት አገለገለ የሚሉት ይጠየቁ። የሸክላ ሠሪዋ ስም ከታወቀና ፈቃደኛ ከሆነች ይጻፍ፤ የጀበና ሰነድ ብዙውን ጊዜ የሚረሳው እሷን ነው።

ባለሙያዋ «በዓይኔ ነው የምለካው» ትላለች። መጠኑን እንዴት እናግኝ?

አይጠይቋት፣ ይመዝኑ። ሚዛን ይዞ መካከል ላይ መግባት ግን እጇን ያስረዋል፣ ሥራውም ሌላ ሥራ ይሆናል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ጥሬ ቡናው ያለበትን ዕቃ ከመጀመሯ በፊት ይመዝኑ፣ የምትፈልገውን ካወጣች በኋላ እንደገና ይመዝኑ፤ ልዩነቱ የተጠቀመችበት ነው። የውሃውን ማሰሮ ወይም ጆግ በዚሁ መንገድ ይለኩ። ተቆልቶ ከወረደ በኋላ አንዴ፣ ተወቅጦ ሲያልቅ ሌላ ጊዜ መመዘን ይቻላል፤ ቡናው ለመሸተት ሲዞር ግን ሚዛኑን ያስቀምጡ።

ያገኙት ቁጥር ትርጉም ይስጥ አይስጥ በሒሳብ ይፈትኑ። ለስድስት ሰው 60 ግራም ጥሬ ቡና ተቆልቶ 50 ግራም ገደማ ይሆናል፤ በቁላት ከክብደቱ 15 እስከ 18 በመቶ የሚሆነው፣ አብዛኛው እርጥበት፣ ይጠፋል። አንድ ሲኒ እስከ 75 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ስድስቱ 450። አተላው የራሱን ክብደት እጥፍ ያህል፣ ማለትም 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል። በእንፋሎት የሚሄደውንና ከሥር የሚተወውን ሲጨምሩ ለአቦል 600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ለቶና አተላው አስቀድሞ ስለጠገበ 500 ይበቃል። የእርስዎ ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ ወይ ሲኒው ትልቅ ነው፣ ወይ ሲለኩ አንድ ነገር አምልጦዎታል፣ ወይ ደግሞ ያ ቤት ቡናውን በጣም አወፍሮ ወይም አቅጥኖ ነው የሚወደው። ሦስተኛው ከሆነ ጥሩ ግኝት ነው።

ቁላቱን በቃል እንዴት እንግለጽ? «በደንብ ተቆላ» በቂ ነው?

አይደለም። ሰዓት ይያዙና ቡናው ምጣድ ከነካበት ቅጽበት ጀምረው ምልክቶቹን በደቂቃ ይጻፉ። ታጥቦ ስንት ውሃ ተቀየረለት? (ሁለት ወይም ሦስት የተለመደ ነው።) ውሃው መቼ ደረቀ? መቼ ቢጫ ሆነ? መቼ ቡናማ? የመጀመሪያው መንጣጣት የሚሰማው ፍሬው ወደ 200 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ከሰል ላይ ይህ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቢመጣ አይገርምም። አንዳንዷ እዚያው ታወርዳለች፣ ሌላዋ ፊቱ ላይ ዘይት እስኪያብረቀርቅ ትጠብቃለች። ሲወርድ አንድ እፍኝ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በጥላ ውስጥ ፎቶ ያንሱ፤ ወረቀቱ ከሌለ የካሜራው ቀለም አያስተማምንም።

የሚበላሸውም ይመዝገብ። ምጣዱ ቀድሞ ከጋለ ፍሬው ከላይ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ሲወቀጥ መሃሉ የገረጣ ሆኖ ይታያል፣ ሲጠጣም የሣር ጣዕም አለው። ማማሰያው ከቆመ በአንድ ጎኑ ይጠቁራል። ትልቅና ትንሽ ፍሬ ከተደባለቀ ትንሹ ቀድሞ ያርራል፤ ጎበዝ ቆላች ከመቁላቷ በፊት የምትለቅመው ለድንጋይ ብቻ አይደለም። «መድረሱን በምን ታውቂዋለሽ?» ብለው ሲጠይቁ አንዷ ሽታውን፣ ሌላዋ ድምፁን፣ ሌላዋ ጭሱን ትላለች። መልሷን በራሷ ቃል ይጻፉት፤ ያልተጻፈው ዕውቀት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በዕድሜ የገፉትን በእርግጥ «እማማ፣ በምን ያውቁታል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ጀበናው ለምን ይገነፍላል? ይህስ ከመሰነድ ጋር ምን አገናኘው?

አዲስ የተቆላ ቡና ውስጡ የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። የተወቀጠው ቡና ከፈላ ውሃ ጋር ሲገናኝ ጋዙ በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋውም በጠባቡ አንገት ይወጣል። ስለዚህ ጀበናው እስከ አንገቱ ከተሞላ መገንፈሉ አይቀርም፤ ከሆዱ አናት ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ባለሙያዋ ብቅ ሲል ታነሳዋለች፣ ትንሽ ቀድታ መልሳ ትከታለች፣ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ታደርጋለች። ስንት ጊዜ እንዳነሳችና በየትኛው ዘዴ እንዳበረደችው ከሰነዱ መጥፋት የለበትም፤ ጣዕሙን ከሚወስኑት አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ ማቶቱ ላይ ጋደም ብሎ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሰክናል። ካሜራ የያዘ ሰው ቸኩሎ «አሁን ይቅዱልን» ሲል ሲኒው አተላ ይሞላል። ሲቀዳም ጀበናው በየሲኒው መካከል ቀና ከተደረገ አተላው ይነሳል። በአንድ ክንድ ሳያቋርጡ ከሲኒ ሲኒ የሚቀዱት ለማማር ብቻ እንዳይመስልዎ።

ለቀረጻ እንዲያምር አዲስ ጀበና እንግዛ?

አይግዙ። ያልተሟሸ ጀበና አፈር አፈር ይላል፣ እሳት ሲበዛበትም ይሰነጠቃል። ከተገዛ የግድ ውሃ ውስጥ አሳድሮ፣ ከዚያ አተላና ውሃ ሞልቶ በቀስታ እሳት ደጋግሞ ማፍላት ያስፈልጋል። የማሟሸት ሥራው ራሱ ግን ሊሰነድ ይገባዋል፤ ከቤት ቤት ይለያያል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁሉም ቦታ አለ?

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ በስፋት እንዲህ ነው፤ በትግርኛ መጀመሪያው አወል ነው፣ በሌላውም ቋንቋ ሌላ ስም አለ። የሰሙትን ይጻፉ፣ ወደ አማርኛ አይቀይሩት። ብዙ የከተማ ቤት ዛሬ በቶና ያበቃል፤ ለቀረጻ ብለው በረካ አያስፈሉ።

ምስልና ድምፅ ላይ ምን ይበላሻል?

ጭሱ። ዕጣኑ ሲጨስ ፍላሽ ከበራ ብርሃኑ ከጭሱ ተመልሶ ምስሉ ነጭ ይሆናል። ፍላሹን አጥፍተው ባለሙያዋን የበር ወይም የመስኮት ብርሃን ከጎን በሚያገኛት ቦታ ይቅረጹ፤ እሷን ከቦታዋ አያንሱ፣ እርስዎ ይዙሩ። ራሱን የሚያስተካክል ፎከስ ጭሱን እየተከተለ ስለሚዋዥቅ በእጅ ይቆለፍ።

ለድምፅ ዋቭ ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይምረጡ። ማይኩ ከተናጋሪዋ አፍ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ዘነዘናው ከንግግር እጅግ ስለሚጮህ የድምፁ መጠን በውቀጣው ልክ ይስተካከል፤ ያለዚያ ውቀጣው ሁሉ ተሰነጣጥቆ ይቀራል። በቁላት ሰዓት ጥያቄ አይጠይቁ። የቡናው መንጣጣት፣ የማማሰያው ድምፅ ብቻውን ለአምስት ደቂቃ ይቀረጽ፤ በኋላ ከየትም አያመጡትም።

ቀንና ሰዓት እንዴት ይጻፍ?

የሰነድ መዝገብ በብዛት የሚምታታው እዚህ ነው። ካሜራው 15፡00 ብሎ የመዘገበውን ባለቤቷ «9 ሰዓት ላይ» ትለዋለች፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። አንዱን ይምረጡና ሁልጊዜ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ወይም «በካሜራው ሰዓት» ብለው ይጻፉ። ቀኑን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ይመዝግቡ፤ ዓመቱ እንደ ወሩ በ7 ወይም በ8 ስለሚለያይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሌለው ዓመት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማንም የማይፈታው እንቆቅልሽ ነው። ቦታው እስከ ቀበሌ፣ የተነገረበት ቋንቋ፣ የቀራጩ ስም ከፋይሉ ጋር ይቀመጥ። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንደኛው ከቤት ውጭ። ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ቀረጻ እንደሌለ ይቆጠር።

ፈቃድ የምንጠይቀው ከማን ነው?

ከባለቤቷ ብቻ አይደለም፤ ቡናው ላይ ከተቀመጠ ሁሉ ነው። ቡና ላይ የሰው ትዳር፣ ዕዳ፣ ሕመም ይወራል። አርፍዳ የገባች ጎረቤት መቀረጹን ላታውቅ ትችላለች፤ ስለዚህ ሰው በገባ ቁጥር አቁመው ይንገሩ። ለመቅረጽና ለማሳተም የሚሰጠው ፈቃድ ለየብቻ ይጠየቅ። አንዳንድ ቤት ከመጀመሪያው ቡና ለአድባር ጠብ ይደረጋል፤ ይህን ለእርስዎ የሚያሳዩ ሰዎች ጎረቤታቸው ወይም የንስሐ አባታቸው እንዲያየው ላይፈልጉ ይችላሉ። ይጠይቁ፣ «አይሆንም» ካሉም ያንን ክፍል ያውጡት። ያለቀለትን ቅጂ ለቤቱ ይስጡ፤ ፎቶ ከሆነ በወረቀት ታትሞ ቢሆን ይሻላል።

የካልዲን ታሪክ እናስገባ?

አፈ ታሪክ ተብሎ ከተለየ ይግባ። የእረኛውና የፍየሎቹ ትረካ በጽሑፍ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ከታተመ የላቲን መጽሐፍ ነው፤ ካልዲ የሚለው ስም እዚያ የለም፣ በኋላ የመጣ ነው። እርግጡ ነገር ሌላ ነው፦ አረቢካ ቡና በተፈጥሮው የበቀለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው፣ ዛሬም በካፋ፣ በሸካ፣ በያዩ ደን ውስጥ ሳይተከል ይበቅላል። ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል።

ከሥርዓቱ ጋር ደግሞ «የሦስት ሺህ ዓመት» የሚል ቁጥር ባይለጥፉ መልካም ነው። ደጋ ላይ ባለው ክርስቲያን ዘንድ ቡና እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ የእስላምና የኦሮሞ መጠጥ ተብሎ ይሸሽ ነበር፤ በስፋት የተለመደው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ሥርዓቱ በአንዳንዱ ቦታ ከሌላው በጣም ያነሰ ዕድሜ አለው ማለት ነው። አያቶችን «ቤታችሁ ቡና መፈላት የጀመረው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከአፈ ታሪኩ የተሻለ መልስ ያመጣል።

ማኪያቶና የመንገድ ዳር ጀበናም ባህል ነው?

አዎ። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 እንደተከፈተው ቶሞካ ባሉ ቡና ቤቶች የሚጠጣው የማሽን ቡና፣ ማኪያቶው፣ ቡናና ሻይ የሚነባበርበት ስፕሪስ፣ በዱካ ላይ ተቀምጦ የሚጠጣው የጀበና ቡና ሁሉ የሚመዘገብ ነው። አገሪቱ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ እዚሁ ይጠጣል፤ ያ ሁሉ በረከቦት ላይ አይደለም።

ዩኔስኮ መዝግቦልናል?

የቱርክ ቡና እ.ኤ.አ. በ2013፣ የዓረብ ቡና በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብተዋል። ኢትዮጵያ እስከ 2023 ድረስ ያስመዘገበቻቸው መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ገዳ፣ ጥምቀትና ሹዋሊድ ናቸው፤ ቡና አልነበረበትም። ጥያቄ የሚያቀርበው መንግሥት ነው፤ በአገር ውስጥ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነት ማኅበረሰቡ አስቀድሞ አውቆና ፈቅዶ መሳተፉን የሚያሳይ ማስረጃ፣ አገራዊ የቅርስ ቆጠራ ውስጥ መግባቱንም ይጠይቃል። የቤት ለቤት ሰነድ ለዚያ ጥሬ ዕቃ ነው። ቅጂውን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስገቡ፣ ያስገቡበትን ደብዳቤ ቀሪም ይያዙ።

የቡና ቀን ማክበር እንፈልጋለን። ለ100 እንግዳ ምን ያስፈልጋል?

ዓለም አቀፉ የቡና ቀን ኦክቶበር 1 ነው፤ በእኛ መስከረም 21፣ ጳጉሜን 6 ሆና ካለፈች ደግሞ መስከረም 20። ቀይ እሸት ቡና ማሳየት ከፈለጉ ግን ይህ ቀን ለብዙ አካባቢ ይፈጥናል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የለቀማ ወቅት ይሻላል።

አንድ ትልቅ ረከቦት መሃል ላይ አቁሞ መቶ ሰው ዙሪያውን ማስቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ኋላ ያለው አያይም፣ ሲደርሰውም ቡናው ቀዝቅዟል። አምስት ቦታ ይክፈሉት፣ በየቦታው 20 እንግዳ። ለአንዱ ቦታ 200 ግራም ጥሬ ቡና፣ ለአቦል 2 ሊትር ውሃ፣ አንድ ሊትር ተኩል የሚይዙ ሁለት ጀበናዎች፣ 25 ሲኒ፣ አንድ የምታፈላና አንድ የምታቀርብ ሰው ያስፈልጋሉ። በጠቅላላው 1 ኪሎ ቡና ማለት ነው። አምስቱን ቦታ ከአምስት የተለያየ አካባቢ ለመጡ ባለሙያዎች መስጠት ይቻላል፤ ያኔ ሁሉም በየራሷ ዕቃ ትምጣ፣ አንድ ዓይነት ቀሚስና አንድ ዓይነት ጀበና አይታደልላቸው።

ከእጥበት እስከ መጀመሪያው ሲኒ 45 ደቂቃ ይያዝ፦ ማጠብና መቁላት 20፣ መውቀጥ 10፣ ማፍላት 10፣ ማስከን 5። ንግግር ካለ ምጣዱ ከመጣዱ በፊት ይለቅ። የክብር እንግዳ ዘግይቶ ሲመጣ የተቆላውን ማስጠበቅ፣ የፈላውን መልሶ ማሞቅ፣ ከዚያ መራራውን ቡና በስኳር መሸፈን የብዙ ዝግጅት ዕጣ ነው።

አዳራሽ ውስጥ አምስት የከሰል ምድጃ አይቀጣጠልም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ዕጣኑ ደግሞ ሰው እንዳይጠረጥር ያዘናጋል። ድንኳን ከሆነ ሁለት ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ይግባ፣ በየምድጃው አጠገብ አንድ ባልዲ አሸዋ ይቀመጥ። የሲኒ ማጠቢያው ውሃ ከቡናው ውሃ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ነው፤ ሲያቅዱ ይህ ስለሚረሳ ከአቦል በኋላ ቶና ሳይቀዳ ሰው ይበተናል።